ግራጫው በቀቀን ምን ይበላል? ከሰሃኑ የተረፈውን ይዩ

በቀቀን ያላቸው ሰዎች ስለ ቀለብ ሲያወሩ ጥያቄው ሁሌም "ምን ላብላው?" ነው። ከዚህ እኩል መጠየቅ ያለበት ግን "ምኑን በላው?" የሚለው ነው። ማታ ላይ የምግብ ሰሃኑን አንሥተው ነጭ ወረቀት ላይ ይገልብጡት። ጠዋት አሥር ዓይነት ፍሬ የተቀላቀለበት፣ "የተመጣጠነ" የተባለ ቀለብ ሞልተውለት ከነበረ፣ ማታ የሚያገኙት ክምር የሱፍ አበባ ቅርፊት፣ እንዳለ የተቀመጠ ማሽላ፣ ከኬጁ ሥር የተበተነ የደረቀ ካሮት ነው። ከቆሎው መሐል ኦቾሎኒውን እየለቀመ እንደሚበላ ልጅ፣ ወፉ የወደደውን ወስዶ የቀረውን ትቶታል። ከረጢቱ ላይ የታተመው የቫይታሚንና የማዕድን ዝርዝር ውሸት ላይሆን ይችላል። የሚሠራው ግን ወፉ ሁሉንም ቢበላ ነበር።

ይህ ምርጫ ድንገት የመጣ አመል አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ከቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ ገዝተው፣ እስከሞተበት እስከ 2007 ድረስ ያጠኑት አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን ነበር። አሌክስ ሙዝ ጠይቆ ለውዝ ቢሰጡት ዝም ብሎ ያፈጣል፣ ወይም ደግሞ ሙዙን በድጋሚ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ለውዙን ተቀብሎ ይወረውርና ጥያቄውን ይቀጥላል። የሚፈልገውን ለይቶ የሚያውቅ፣ ያልፈለገውን የሚጥል ፍጡር ነው እንግዲህ የምንቀልበው። ለበግ ወይም ለዶሮ እንደሚደረገው መኖውን ደባልቆ ማቅረብ እዚህ አይበቃም።

ስለ የትኛው ወፍ ነው የምናወራው?

በቀቀን የሚለው ስም ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎችን ያቅፋል፤ አመጋገባቸውም የተለያየ ነው። የአውስትራሊያዎቹ ባጂና ኮካቴል በደረቅ ሜዳ የሣር ፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ናቸው። ሎሪ የሚባሉት ደግሞ ጫፉ ብሩሽ የሚመስል ምላስ አላቸው፤ የአበባ ወለላ ይልሱበታል። የደቡብ አሜሪካው ግዙፍ ሰማያዊ ማካው ሰው በመዶሻ የሚቸገርበትን የዘንባባ ፍሬ እየሰበረ ስብ የበዛበት ምግብ ይበላል፤ ያው ምግብ ሌላውን በቀቀን ያሳምመዋል። በኛም አገር በቀቀኖች አሉ። ቢጫ ግንባሩ በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በደጋው ጥድና ሾላ ባለበት አካባቢ፣ አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ጭምር የምትታየው ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት፤ የጥድና የሾላ ፍሬ ትበላለች። እነዚህ የዱር ወፎች ናቸው፤ ተይዘው ኬጅ የሚገቡ አይደሉም።

እዚህ የማወራው አፍሪካዊው ግራጫ በቀቀን ስለሚባለው፣ ጅራቱ ቀይ፣ ክብደቱ 400 እና 500 ግራም መካከል ስለሆነው ወፍ ነው። በንግግር ችሎታው ስለታወቀ በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በየቤቱ ይገኛል። ተወላጅነቱ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው፤ በምሥራቅ እስከ ምዕራብ ኬንያ ይደርሳል። ለገበያ ሲባል ከደኑ እየተያዘ በመመናመኑ፣ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። በደንብ ከተያዘ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። እንደ ሱፍና ማሽላ ባለ ደረቅ ፍሬ ብቻ የሚቀለበው ግን ብዙውን ጊዜ ለዚያ ዕድሜ አይበቃም።

በደኑ ውስጥ ከሚወዳቸው ምግቦች አንዱ የዘይት ዘንባባ ፍሬ ነው፤ ቀይ ብርቱካናማ ሥጋ ያለው፣ በስብም በቤታ ካሮቲንም የበለጸገ። ከዚህ ሌላ ልዩ ልዩ ለውዝ፣ የዛፍ ፍሬ፣ ቅጠል፣ እምቡጥ ይበላል፤ አልፎ አልፎም ቀንድ አውጣ። ይህን ሁሉ የሚያገኘው ከዛፍ ዛፍ፣ ከደን ደን ብዙ ኪሎ ሜትር በርሮ ነው። ስለዚህ "በዱርም ስብ ይበላል እኮ" የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ነው፤ የዱሩ ስቡን በበረራ ያቃጥለዋል፣ የኛው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሏል።

የሱፍ አበባ ፍሬ ምን አጠፋ?

በራሱ መርዝ አይደለም። በኛ ቤት በጾም ወቅት ሱፍ ፍትፍት የሚሠራበት ጥሩ ምግብ ነው። ችግሩ ለወፉ ብቸኛ ምግብ ሲሆን ነው። 100 ግራም የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ግማሹ፣ ማለትም 50 ግራም ያህሉ ስብ ነው። ካልሲየሙ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ፎስፎረሱ 660 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አንድ ለስምንት ማለት ነው። ለበቀቀን የሚፈለገው ግን ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ቢያንስ እኩል፣ ቢቻል እስከ እጥፍ እንዲሆን ነው። ፎስፎረስ ሲበዛ ካልሲየምን አንጀት ውስጥ ይዞ ስለሚያስቀር፣ ያቺ ያለችውም ጥቂት ሙሉ በሙሉ አትደርስም። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ከናካቴው የለውም ቢባል ይቀላል። ኦቾሎኒው፣ ማሽላው፣ ስንዴው ቢጨመርበትም ነገሩ አይስተካከልም፤ የሁሉም ፍሬ ጉድለት አንድ ዓይነት ነውና።

የስቡ ውጤት ቀስ ብሎ ይመጣል። ጉበት በስብ ይሞላል፣ የደም ሥር ግድግዳ ይደድራል። ግራጫው በቀቀን በደም ሥር መደደር ከሚጠቁት ዝርያዎች አንዱ ነው። ከውጭ ሲታይ ወፉ ደህና ነው፤ ያወራል፣ ያፏጫል። አንድ ቀን ከመቀመጫው ወድቆ ይገኛል።

የቫይታሚን ኤ እጥረት ግን ለሚያይ ዓይን ምልክት ይሰጣል። የወፉን አፍ ሐኪም ከፍቶ በባትሪ ሲመለከት፣ በላይኛው ላንቃ መሐል ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ስንጥቅ ያያል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሹል ሹል ያሉ፣ እሾህ መሳይ ለስላሳ ጥቃቅን ነገሮች ተደርድረዋል። በደንብ በሚበላ ወፍ ላይ ጫፋቸው ሹል ነው። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ይዶለዱማሉ፤ ሲብስ ይጠፋሉ። ምክንያቱም ይህ ቫይታሚን የአፍን፣ የአፍንጫን፣ የመተንፈሻ ቱቦን የውስጥ ሽፋን እርጥብና ጤነኛ አድርጎ የሚይዝ ነው። ሲጎድል ሽፋኑ ይደርቅና ይወፍራል፣ ጀርም መግቢያ ያገኛል። ባለቤቱ የሚያየው ተደጋጋሚ ማስነጠስ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀ ቆሻሻ፣ አፍ ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ነው። "ብርድ መታው" ይባልና አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ይሻለዋል፣ ይመለስበታል። መድኃኒቱ ጀርሙን እንጂ ሰሃኑን አያክምምና።

ካልሲየም፦ የግራጫው ልዩ ጣጣ

ከበቀቀኖች ሁሉ ካልሲየም ሲያጥረው ወዲያው የሚታይበት ይህ ወፍ ነው። ሌሎች ዝርያዎች ከአጥንታቸው እየቀነሱ የደማቸውን መጠን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ። ግራጫው ግን በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት ወርዶ መንቀጥቀጥ፣ ሚዛን መሳት፣ ከመቀመጫ መውደቅ፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊያጋጥመው ይችላል። እንቁላል የምትጥል ሴት ከሆነች ደግሞ ለቅርፊቱ ከሰውነቷ ስለሚወሰድ አደጋው ይበረታል።

ታዲያ ካልሲየም ያለበትን ምግብ መስጠት ነው ቢባል፣ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በቫይታሚን ዲ እርዳታ ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ወይ ከምግብ ይገኛል፣ ወይ ቆዳ በፀሐይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይሠራዋል። የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የጨረር ዓይነት ግን ያስቀረዋል። መስኮት ሥር የተቀመጠ ኬጅ ፀሐይ አገኘ ማለት አይደለም። በዱባይ ወይም በሪያድ፣ ከዓለም ፀሐያማ ከሚባሉት ከተሞች በአንዱ የሚኖር በቀቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ኤሲ ባለበት ዝግ ቤት ውስጥ ስለሚውል አንድም ቀን ፀሐይ ሳይነካው ሊያረጅ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ይቀላል፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ኬጁን አውጥቶ ግማሹን ጥላ አድርጎ፣ ድመትና ጭልፊት እንዳይደርስበት አጠገቡ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሞቅ ነው። ክረምት የሚበረታበት አገር የሚኖሩ ደግሞ ለወፍ ተብለው የተሠሩ የአልትራቫዮሌት አምፖሎች ይጠቀማሉ።

ሌላው ጣጣ ቅጠሉ ነው። ጎመንና ቆስጣ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም "ካልሲየም አለው" የሚባልላቸው ናቸው። ጎመን እውነትም አለው፤ ወፉም ይጠቀምበታል። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት ስላለበት የራሱንም የሌላውንም ካልሲየም አስሮ ከኩሱ ጋር ያስወጣዋል። ስፒናች ብለው የሚሸጡትም እንደዚያው። አልፎ አልፎ ቢቀምስ ምንም አይደል፤ "አረንጓዴ እየሰጠሁት ነው" ተብሎ በየቀኑ ቆስጣ ማቅረብ ግን ልፋትን በከንቱ ማባከን ነው። ጎመኑን ታጥቦ፣ ጥሬውን፣ ከነግንዱ፣ ኬጁ ላይ እንደ ልብስ ቢያሰጡለት ብዙዎቹ ጠሉን እየላሱ፣ ቅጠሉን እየበጣጠሱ መብላት ይጀምራሉ።

የእንቁላል ቅርፊት ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው። እንቁላሉን ቀቅለው ቅርፊቱን ካደረቁ በኋላ ደቁሰው በአትክልቱ ላይ ነስነስ ማድረግ ነው። ከእንቁላሉም አስኳሉንም ነጩንም ጨምሮ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይስጡት። ቤቱ ቢጾምም ወፉ አይጾምም።

ፔሌት የሚባለው ነገር

የወፍ ሐኪሞች "ወፉ መረጠ" የሚለውን ችግር ለመፍታት የሚመክሩት ፔሌት ነው። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ቫይታሚኑ፣ ማዕድኑ ሁሉ አብሮ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በማሽን ተጨምቆ የወጣ ደረቅ እንክብል ነው። እያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ሁሉም ስላለ ለቅሞ መተው አይቻልም። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምትሃት የለውም። ለግራጫው በቀቀን ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከሚበላው ውስጥ ከ60 እስከ 75 በመቶው ፔሌት፣ ቀሪው በአብዛኛው አትክልትና የበሰለ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬና ፍሬ ደግሞ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ደማቅ ቀለምና ስኳር ያልተጨመረበትን መምረጥ ይሻላል፤ ቀዩን ብቻ እየለቀመ ቢጫውን መጣል እንዳይጀምር ብቻ ሳይሆን፣ ኩሱ ቀለም ከያዘ በሽታ ሲመጣ መለየት ስለሚያስቸግር ነው። ፔሌት የሚበላ ወፍ ላይ በውሃ የሚሟሟ ቫይታሚን መደረብ አያስፈልግም፤ ቫይታሚን ኤና ዲ ሲበዙ ራሳቸው ይመርዛሉ። ውሃ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን በብርሃን ቶሎ ይበላሻል፣ ባክቴሪያ ይቀልባል፣ የውሃውንም ጣዕም ስለሚቀይር ወፉ ሳይጠጣ ይውላል።

ፔሌት በማይገኝበት ቦታ ያለ ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ሥራው ግን ይበዛበታል። እንክብሉ በአንድ ጊዜ የሚያደርገውን እሱ በየቀኑ በቢላ ማድረግ አለበት። ሁሉንም በጣም ደቅቆ መክተፍ፣ አብሮ ማሸት፣ የሚወደው ከማይወደው ጋር እንዲጣበቅ ማድረግ ማለት ነው።

ከኛ ጓዳ

ለዚህ የኛ ኩሽና የተመቸ ነው። ዱባ፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ሰውነቱ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ቤታ ካሮቲን ይሰጡታል፤ ትንሽ በእንፋሎት ማብሰል ንጥረ ነገሩን ለመውሰድ ያግዛል። ጎመኑን ጠቅሰናል። ምስርና ሽምብራ ያለ ጨው ተቀቅለው ይሰጣሉ። ጤፍ ከእህሎች መሐል በካልሲየም የተሻለ ነው፤ እንደ ገንፎ ያለ ቅቤ ያለ ጨው አብስለው አትክልቱን ማጣበቂያ ቢያደርጉት ጥሩ ይሆናል። ቦሎቄ ግን ጥሬውን በፍጹም አይሰጥም፤ ውስጡ ያለው መርዛማ ፕሮቲን የሚጠፋው በደንብ ሲንተከተክ ነው።

በቆልት ከሁሉ ይበልጥብኛል። ምስር፣ ማሾ ወይም ሽምብራ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ እያለቀለቁ ነጭ ጭራው ብቅ እስኪል ማቆየት ነው። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ያጠራቀመውን ስታርች መጠቀም ይጀምራል፣ ቫይታሚኑ ይጨምራል፣ ለሆድም ይቀላል። ፍሬ ብቻ የለመደ ወፍም "ይህ እንኳ ፍሬ ነው" ብሎ ስለሚቀርበው አዲስ ምግብ ለማስለመድ ያግዛል። ሸተተ፣ ተሙለጨለጨ ማለት ግን ተበላሸ ማለት ነው፤ አይሞክሩት። ማንኛውም እርጥብ ምግብ ሰሃን ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ቆላ ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይነሣ።

ፍራፍሬ ላይ እጅ ሰብሰብ ይበል። ማንጎና ፓፓያ ቤታ ካሮቲን ስላላቸው ይሻላሉ። ሙዝና ፖም አብዛኛው ስኳርና ውሃ ናቸው፤ የፖሙ ዘር ከውስጡ ይውጣ።

ስለ ቃሪያና ሚጥሚጣ አንድ ነገር ልበል። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ነው፤ የአጥቢ እንስሳት ነርቭ ላይ ያለ ተቀባይ "እሳት" ብሎ ይተረጉመዋል። የወፎች ተቀባይ ግን ለሱ ምላሽ አይሰጥም። እኛን ዓይናችንን የሚያስለቅሰንን የሚጥሚጣ ፍሬ በቀቀን በእግሩ ይዞ እንደ ብስኩት ይቆረጥመዋል። ቀይ የሆነው ቤታ ካሮቲንም አለው፣ ስለዚህ ትኩሱን ይስጡት። የተደለዘውን በርበሬ ግን አይሆንም፤ ጨውና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ወጥ የነካው እንጀራም በዚሁ ምክንያት ይቅር። ባዶውን እንጀራ ቆንጠር አድርጎ ቢበላ ምንም አይሆንም፤ ጥቅም ይሰጠዋል ብሎ ማቅረብ ግን ሆዱን በከንቱ መሙላት ነው።

የሚገድለው

አቮካዶ ከሁሉ ይቀድማል። ፐርሲን የተባለ በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር የወፍን ልብ ይጎዳል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በኛ ዘንድ አቮካዶ በብዙ ጭማቂ ውስጥ ስለሚገባ፣ ስፕሪስ የያዘ ብርጭቆ ትከሻ ላይ ወፍ ይዞ መጠጣት አደገኛ ነው። ቸኮሌትና ቡናም እንደዚያው፤ ቲዮብሮሚንና ካፌይን የልብ ምቱን ያዛባሉ። 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው አንጻር 400 ግራም የሆነው ወፍ 150 ጊዜ ያንሳል፤ ለኛ አንድ ፉት የሆነችው ለሱ ብዙ ሲኒ ናት። አልኮል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጨዋማ ነገር ሁሉ አይሰጥም።

ኦቾሎኒ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በእርጥበት ሲቀመጥ የሚያወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ይሠራል። መቁላት ሻጋታውን ቢገድልም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም፣ በዓይንም አይታይም። ለሰው ምግብነት የተዘጋጀ፣ ደህና የተቀመጠ፣ ጨው የሌለበት ካልሆነ ወፉ ባይቀምሰው እመርጣለሁ። ከኦቾሎኒ ሌላ ለውዝ መስጠት ከተፈለገ ዋልነት ወይም አልሞንድ አለ፤ እሱም በቁጥር።

ሰሃኑ ራሱም ይታይ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወፉ እየላሰና እየነከሰ ሊመርዘው ይችላልና የማይዝግ ብረት ወይም ሸክላ ይሁን። ምግብ ባይሆንም ወጥ ቤት ስለገባን ልጥቀሰው፦ የማያጣብቅ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አልባ ጋዝ በሌላ ክፍል ያለን ወፍ እንኳ በደቂቃዎች ይገድላል፤ የወፍ ሳንባ አየርን ከኛ ይልቅ አጥብቆ ስለሚወስድ ነው። ቡና ሲፈላ፣ ከሰል ሲቀጣጠል፣ ዕጣን ሲጨስም ኬጁን ወደ ሌላ ክፍል ያውጡት።

ማስለመዱ

አሥር ዓመት ፍሬ ሲበላ የኖረ ወፍ ፊት ፔሌት አድርጎ "ሲርበው ይበላዋል" ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ምግብ መሆኑን ስለማያውቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊራብ ይችላል። ትንንሾቹ ዝርያዎች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ።

መንገዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ፍሬው ቀኑን ሙሉ ሰሃን ላይ መቀመጡ ያቆማል፤ ተለክቶ ጠዋትና ማታ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጥና ይነሣል። ወፉ ማልዶ ሲነሣ በጣም ስለሚርበው፣ ያኔ መጀመሪያ የሚቀርበው አዲሱ ምግብ ነው፤ ፍሬው ቆይቶ ይመጣል። ፔሌቱን ፈጭቶ በሚወደው በቆልት ላይ መነስነስ፣ ለብ ባለ ውሃ ማለስለስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊቱ መብላት ይረዳል። በቀቀን በመንጋ የሚኖር ወፍ ነው፤ ሌላው የሚበላውን አይቶ ይደፍራል። ካሮት እየቆረጠሙ "ይጥማል!" ማለት ሰው ሲያይ ያሳፍራል፣ ይሠራል ግን።

አቀራረቡም እንደ ምግቡ ያህል ነው። የዱር በቀቀኖች በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት የሚያጠፉት ምግብ ፍለጋ ነው። ሰሃን የሞላለት ወፍ በልቶ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ የተረፈውን ቀን ምን ይሥራበት? ብዙዎቹ ይጮኻሉ፣ ላባቸውን ይነጫሉ። ላባ መንጨት ብዙ ምክንያት አለው፣ ሥራ መፍታት ግን አንዱ ነው። ስለዚህ ፔሌቱን በባዶ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በካርቶን ውስጥ ደብቆ፣ አትክልቱን በማይዝግ ዘንግ ሰክቶ ማንጠልጠል ነው። እነዚያ ሲወደዱ የነበሩ የሱፍ ፍሬዎችም ቦታቸው እዚህ ነው፤ አዲስ ቃል ሲል ወይም እጅ ላይ ሲወጣ አንድ አንድ እየተሰጡ።

ሚዛን

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ በዓይን ግምት አይመኑ፤ ላባ ክሳትን ይደብቃል፣ ወፍም ሕመሙን የሚደብቅ ፍጡር ነው። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጠዋት ኩሱን ከጣለ በኋላ፣ ከመብላቱ በፊት መዝነው ይጻፉት፤ ምግብ በሚቀየርበት ወቅት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ። 450 ግራም የነበረው ወፍ 405 ከደረሰ አንድ አሥረኛውን አጥቷል፤ ያኔ ወደ ለመደው ፍሬ መልሰው ሐኪም ያማክሩ። ኩሱንም ይዩ፦ ጠንካራው፣ ነጩና ውሃው ሦስቱም አሉበት። አትክልት ሲበዛ ውሃው ቢጨምር ደግ ነው፤ መጠኑ ሲያንስና ሲጠቁር ግን ወፉ እየበላ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ደግሞ መንፈራገጡ ነው። ግራጫው ከመቀመጫው ወድቆ ቢንቀጠቀጥ፣ ከኬጁ አውጥተው ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ሳጥን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጡትና ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ካልሲየም ወይም ስኳር ውሃ በአፉ አይጨምሩበት፤ ራሱን ስቶ ሳለ ወደ ሳንባው ይገባል። ክሊኒክ ሲደርሱ የደም ካልሲየሙ እንዲለካ ይጠይቁ፤ ባለፈው ሳምንት የበላውንም ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የሰጡትን ሳይሆን የበላውን።